ቃሬዛ ተሸካሚው

የጦርነት መዝገብ ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው የአዝማቾች ስም ነው። እኔ ስፈልግ የኖርሁት ግን የአንድ ተራ ወታደር ስም ነው፤ የእናቴን ታላቅ ወንድም።

አጎቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ መዝመታቸውን ስሰማ አድጌአለሁ። ከክብር ዘበኛ የተውጣጣውና በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተሰየመው የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ። ኮሪያ ሲደርስም በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ። ተከታዮቹ ሻለቆች እየተተኩ እስከ ተኩስ ማቆሙ ዕለት፣ እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ ተዋጉ። ከ120 በላይ ወገኖቻችን ወደቁ፤ ከ500 የሚበልጡት ቆሰሉ። ምርኮኞች በተለዋወጡ ጊዜ ግን ከመካከላቸው አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም።

አጎቴ ስለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ዐረፉ። ሌሊት ሌሊት ግን እየጮኹ ይባንኑ ነበር። ወረቀቶቻቸውና ፎቶግራፋቸው የነበሩበትን ሣጥን አክስቴ በ1970 ዓ.ም. ከምድጃ ጨመሩት። ሰሜን ኮሪያ የመንግሥት ወዳጅ በነበረችበት በዚያ ዘመን ለደቡቡ መዝመት የሚያስጠይቅ መስሏቸው ነው። አጎቴም ቆመው አዩ እንጂ አልከለከሉም። ከሞቱ በኋላ አክስቴ በየዓመቱ መታሰቢያቸውን ሲያወጡ፣ «ስንት ነፍስ አጥፍቶ ይሆን?» እያሉ ይጨነቁ ጀመር። ፍለጋዬን ያስጀመረኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ የአጎቴን ስም ከነአባታቸው ይዤ ዝርዝር አገላበጥሁ፤ አላገኘሁም። በውጭ አገር የተጻፈውማ ሌላ ፈተና አለው። ስማችን በላቲን ፊደል ሲሰፍር እንደ ጸሐፊው ጆሮ ይለዋወጣል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይቀድማል፤ የዘመን ቁጥሩም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይራራቃል። ተስፋ ቆርጬ ይህንኑ ለአክስቴ ባጫውታቸው ቡናቸውን እየቀዱ እንዲህ አሉኝ፦

«እርሱን ያሳደጉት የአባታችን ወንድም ናቸው። ክብር ዘበኛ ሲገባም በእሳቸው ስም ነው የተጻፈው። አልጠየቅኸኝም እኮ ልጄ!»

ከሳምንታት በኋላ ከአንድ አረጋዊ ዘማች ዘንድ በቆየ፣ በታይፕ በተመታ ግልባጭ ላይ አገኘኋቸው። ማዕርግ፣ ስም፣ በመጨረሻም የሥራ ድርሻ፦ ቃሬዛ ተሸካሚ።

አክስቴ መስመሯን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። «እንግዲያስ ቁስለኛ ሲያነሣ ነው የከረመው» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። እኔም ዝም አልሁ። ያች መስመር አጎቴ ተኩሰው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ አትመሰክርም። የሌሊቱን ጩኸትም አትሽረውም፤ እንዲያውም ትፈታዋለች። ከሁሉ አብልጦ ሞትን በቅርብ የሚያየው ወዳጁን በትከሻው የተሸከመ ነውና።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። መዝገቡ ሥራውን ያውቃል፤ ሰውየውን አያውቅም። ቤተሰቡ ሰውየውን ያውቃል፤ ሥራውን አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ከሌለ ሁለቱም ይጠፋሉ። ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ለታሪክ ፍለጋ ሲያሰማሩ አስቀድመው ወደ መዝገብ ቤት አይላኳቸው። አስቀድመው ወደ ምድጃው ዳር ይላኳቸው፤ እዚያ የተቀመጡት አረጋውያን ካልተጠየቁ አይናገሩምና።