እርጥቡ ዋንዛ

ብዙዎቻችን የወጥ ቤት ካቢኔት ከፍተን ስኒ ስናወጣ በሩን ልብ ብለን አናየውም። የምናየው ሲሰነጠቅ ወይም አልዘጋ ሲል ነው። አባቴ እንዲህ ዓይነት በሮችን የሚሠራው በግቢያችን ጥግ፣ በቆርቆሮ በተከለለች 3 በ4 በማትሞላ ክፍል ውስጥ ነው። እኔም ሰጋቱራ እየጠረግኩ ስላደግኩ፣ ስለ አንድ ትእዛዝና ስላስነሳው ክርክር ለትምህርት ክፍላችን አንባቢዎች ላጫውታችሁ።

በቅድሚያ አሠራሩን ላስረዳ። ደህና የእንጨት ካቢኔት በር አንድ ወጥ ጣውላ አይደለም። ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ፍሬም ይሆናሉ፤ የአግዳሚዎቹ ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በቋሚዎቹ ላይ በመሮ በተፈለፈለ ጉድጓድ ይገባና በኮላ ይጣበቃል። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ በሜትር ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ተንጋዷል ማለት ነው። መሐሉን የሚሞላው ፓኔል ግን በፍሬሙ ውስጠኛ ጠርዝ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ኮላ አይነካውም። ልጅ ሳለሁ "ይኼ ነገር አይወድቅም ወይ?" ብዬ ስጠይቀው፣ "እንጨት ይተነፍሳል፤ ካሰርሽው ይሰነጠቃል" ይለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በወርዱ ግን ይኮማተራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበት ስቦ መልሶ ያብጣል። ስለዚህ ቦዩ ውስጥ ክፍተት ይተዋል። ለምሳሌ 45 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው በር እንውሰድ። ሁለቱ ቋሚዎች እያንዳንዳቸው 6 ሳንቲ ሜትር ቢይዙ መሐሉ 33 ይቀራል። ቦዩ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠልቅ ፓኔሉ እስከ 35 ሊደርስ ይችላል፤ አባቴ ግን በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ቀንሶ 34.6 ላይ ይቆርጠዋል።

ክርክሩ የተነሳው በሐምሌ ወር ነው። አንዲት እናት ከኪራይ ቤት ወደ ራሳቸው ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነበርና 14 በሮች አዘዙ። ሁሉም ጥርት ያለ ዋንዛ እንዲሆን ፈልገው ጣውላውን ራሳቸው ገዝተው በአይሱዙ አስጭነው አመጡት፤ ቀብድም ከፈሉ። የቤት ኪራያቸው የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው። ለእኛም ክረምት ሥራ የሚጠፋበት ወቅት ስለሆነ ያ ትእዛዝ እስከ መስከረም ድረስ የቤታችን ወጪ ነበር።

አባቴ ጣውላውን በእጁ እንደነካው ፊቱ ተለወጠ። ከመሐሉ ቁራጭ አወጣና ጎረቤት ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጠው፤ 500 ግራም። ቁራጩን ሰነጣጥቆ እናቴ እንጀራ ጋግራ በጨረሰች ቁጥር ለብ ባለው ምጣድ ላይ ያስጣው ጀመር። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ሚዛኑ 370 አለ። 130 ግራሙ ውሃ ነበር ማለት ነው፤ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከሲሶ በላይ።

ሴትዮዋ ሲመጡ ይኼን ነገራቸው። "ኧረ ወንድሜ፣ እንጨት እንጨት ነው! ሌላው ቤት በ10 ቀን እጨርሳለሁ ብሎኛል" አሉ ተቆጥተው። አባቴ መልስ ሳይሰጥ ቀብዱን ከኪሱ አውጥቶ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ብሩን ስታይ አየኋት፤ ምንም አላለችም።

"እስቲ አስይና አሳያቸው" አለኝ። በእርሳስ ኮምፔርሳቶ ቁራጭ ላይ ጻፍኩ። ፓኔሉ 34.6 ሆኖ ሲደርቅ ከመቶ 5 እጅ ቢኮማተር 32.9 ይሆናል፤ የፍሬሙ መሐል ደግሞ 33 ነው። "ከቦዩ ወጥቶ ይወድቃል ማለት ነው እህቴ" አላቸው አባቴ። "የእርስዎን ገንዘብ አላባክንም። ዋንዛውንም አላባክንም።" እውነቱን ነው፤ ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ጥበቃ እንዲደረግላቸው ከዘረዘራቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው።

ሌላ መንገድም አቀረበላቸው። ፍሬሙን እሱ ሁለት ዓመት ካደረቀው ዋንዛ፣ ፓኔሉን ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ። ኮምፔርሳቶ ስስ ንብርብሮቹ አንዱ በቁም ሌላው በአግድም ስለሚጣበቁ፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይይዘዋል። ሴትዮዋ ቀብዱን ሳያነሱ ወጡ። ለሁለት ቀን ይቅር ይሁን ይቀጥል አላወቅንም፤ በሦስተኛው ቀን መጥተው "ይሁን፣ ግን ዋጋው ይቀነስ" አሉ። ተቀነሰ። ያን ክረምት ቤታችን ውስጥ ብዙ ነገር አብሮ ተቀነሰ።

በሮቹ በጊዜያቸው ተገጠሙ፤ በጋውንም አልፈው አልተሰነጠቁም። የሴትዮዋ ጣውላ እኛ ግቢ ነው፤ በየመሐሉ ቀጫጭን ዘንግ ገብቶበት፣ ነፋስ እንዲያገኘው ተደርድሮ ይደርቃል። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ገደማ ይቆጠራል። አባቴ በየወሩ አንዱን ጣውላ እየመዘነ ክብደቱን ጫፉ ላይ በእርሳስ ይጽፋል።

ክፍል ውስጥ "የሙያ ሥነ ምግባር" የሚለውን ርዕስ ስንማር ትርጉሙን ሸምድደን እንፈተናለን። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ሚዛን ነው። አባቴ ደንበኛውን "እመኑኝ" ብቻ ብሎ አልሸኘም፤ መዝኖ አሳየ፣ ምርጫ ሰጠ፣ ሲከስርም ከሰረ። ከዚህ ግቢ ተመርቀን ስንወጣ የሚቸኩል አለቃም ሆነ ደንበኛ አይጠፋም። ያኔ ቢያንስ ሚዛኑን ይዘን መገኘት አለብን እላለሁ።