ጉዞ ወደ ቃላሚኖ፤ ስለ ቀድሞዎቹ የሮክ ሙዚቀኞች የተነሣ ጥያቄ

ሰው አገሩን በእግሩ ዞሮ ካላየ የአገሩን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል፤ ከሌላ አፍ የሰማውም ነገር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግምት ሆኖ ይቀርበታል። ይህንንም በሚገባ የተረዳሁት በቅርቡ ወደ መቀሌ ባደረግሁት ጉዞ ስለ ሆነ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ሥራዬ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። በልጅነታችን በአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ቁራሽ ለምነን አብረን የተማርን፣ ዛሬ በመቀሌ ከተማ ቤትና ትዳር ይዞ የሚኖር አንድ ባልንጀራ አለኝ። «ሳታየኝ ልታረጅ ነውን?» እያለ ደጋግሞ ስለ ጻፈልኝ፣ የዓመት ዕረፍቴን በተቀበልሁ ጊዜ ስንቄን አሰናድቼ ተነሣሁ።

ከአዲስ አበባ ተነሥተን፣ ደሴንና ወልድያን አልፈን አላማጣ ደረስን። ከአላማጣ በኋላ መኪናው ግራ ካሕሱ የሚባለውን ተራራ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ቆላውም ከእግር በታች እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። ከላይ ሲደርሱ ኮረም ናት። ሾፌሩ ሻይ ለመጠጣት ባቆመ ጊዜ እኔም ወርጄ ዙሪያውን ተመለከትሁ። ሕፃናት ይጫወታሉ፤ ሴቶች ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ፤ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። እንደ ማንኛውም የደጋ ከተማ ያለ ነው። ነገር ግን የዚህች ትንሽ ከተማ ስም በ1977 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተነገረው በገበያዋ ወይም በአየሯ አልነበረም። ስለዚህ ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ከኮረም በኋላ የሐሸንጌን ሐይቅ እያየን፣ በማይጨው በኩል አልፈን እኵይሓ ደረስን፤ ከዚያም መንገዱ ቁልቁል ይወርድና መቀሌ ከጐድጓዳው ሜዳ ላይ በድንጋይ ቤቶቿ ትገለጣለች።

ስለ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥትና ስለ ከተማው ውበት ሌሎች አስቀድመው ስለ ጻፉ እኔ አልደግመውም። የእኔ ነገር ከከተማው ዳር ስላለው ቃላሚኖ ስለሚባለው ሰፈር ነው። በዚህ ስፍራ የትግራይ ልማት ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ያቋቋመው የቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገኛል። ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚገቡት ልጆች በፈተና ተመርጠው፣ ከየወረዳው በብልጫ የተገኙት ናቸው። የባልንጀራዬም ታላቋ ልጅ ከነዚሁ አንዷ ስለ ሆነች፣ በእሑድ ቀን ከቅዳሴ መልስ እርሱና እናቱ ሊጠይቋት ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድሁ።

ነፋሱ ከሜዳው ላይ አቧራ እያነሣ ያመጣል። እኛ ጥላ ካለበት ስፍራ ተቀምጠን ያመጣነውን ሕምባሻ ስንቈርስ ልጅቱ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር መጣች፤ የአያቷን ጉልበት ስማ፣ እኔንም እጅ ነሥታ ተቀመጠች። ወዲያው ከጓደኞቿ ጋር የጀመሩት ክርክር እንዳለ ተረዳሁ። ነገሩም የጥያቄና መልስ ውድድር ኖሯል፤ የመረጡትም አርእስት በእኛ ልጅነት ታላላቆቻችን ሲያወሩት የሰማነው፣ ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተነሡት የሮክ ሙዚቃ ባንዶች ታሪክ ነበረ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን የነዚህን ሰዎች ሸክላ ያጫውቱልን ስለ ነበረ፣ «እስቲ እኔን ጠይቁኝ» አልሁ።

ልጅቱም ፈገግ ብላ፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ የቢትልስ ማኅበር መጀመሪያ ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። አላወቅሁትም። እርሷ ግን እንዲህ ስትል አስረዳችኝ። ጆን ሌነን በሊቨርፑል ከተማ ኳሪ ባንክ በሚባል ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ባንድ ስሙን ከዚያው ትምህርት ቤት ወስዶ «ኳሪመን» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ድንጋይ ፈላጮች ማለት ነው። በሰኔ 29 ቀን 1949 ዓ.ም. በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በተደረገ በዓል ላይ ሲጫወቱ ፖል ማካርትኒ ከሌነን ጋር ተዋወቀ፤ ኋላ ዓለም የሰማው ሁሉ ከዚያ መተዋወቅ የመጣ ነው። ባልንጀራዬም ይህን ሰምቶ፣ «ድንጋይ ፈላጭ ከሆነማ ወገናቸው መቀሌ ነው» ብሎ አሳቀን፤ የከተማው ቤት በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ መኳንንትን የሚመለከት ስለ ነበረ ደስ አለኝ። ሌድ ዜፔሊን የተባለው ባንድ ስሙን የወሰደው ትልቁን የአየር መርከብ ከሠሩት ከጀርመናዊው ከካውንት ፎን ዜፔሊን ነው። ከቤተ ዘመዳቸው የሆነች አንዲት እመቤት ግን ጩኸተኞች የአባቶቿን ስም መሸከማቸው አስቈጥቷት በሕግ እንደምትከስ ስላስታወቀች፣ ሙዚቀኞቹ በ1962 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ስማቸውን ለአንድ ሌሊት ለውጠው ተጫወቱ። ፒንክ ፍሎይድ የሚባሉት ደግሞ ስማቸውን ያገኙት ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን አዝማሪዎች ነው።

እኔም በተራዬ እንዳልሸነፍ፣ «ስለ እኛዎቹስ ታውቃላችሁን?» ብዬ ጠየቅሁ። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ሁለት ታላላቅ ባንዶች የአንድን የዱር አውሬ ስም ተካፍለው ነበር። በሂልተን ሆቴል የሚጫወቱት የሰሜን ተራራን ፍየል ስም ይዘው «ዋልያስ» ተባሉ፤ በራስ ሆቴል የሚጫወቱት ደግሞ ያንኑ የዱር ፍየል ወገን በፈረንጅ አጠራር «አይቤክስ» ብለው ተጠሩበት፤ በኋላም ስማቸውን ከጥንቷ ላሊበላ ወስደው «ሮሃ» ተባሉ። ከዋልያስ ጋር ኦርጋን ይጫወት የነበረው ኃይሉ መርጊያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተን ከተማ ብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ሙዚቃው ግን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ እንደ ገና ታትሞ ስሙ በዓለም ታደሰ። የእኛ ባንዶች የጎደላቸው ጥበብ አልነበረም፤ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የሰዓት እላፊ ሌሊቱን ስለ ዘጋባቸው ነው እንጂ። ልጆቹ ይህን በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ፤ እኔም ጥቂት ክብሬ ተመለሰልኝ።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሁላችንንም ጸጥ አሰኘን። ልጅቱ እንዲህ አለች፤ «ተጣልተው ወይም ተለያይተው የነበሩ ታላላቅ ባንዶች ለአንድ ቀን ብቻ የታረቁት መቼ ነው? ስለ ማንስ ብለው ነው?» እኔ ዝም አልሁ። እርሷም በጣቷ መሬቱን እየጠቈመች፣ «ስለዚህ ስለ እኛ አገር ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛና መሐመድ አሚን የተባለ ኬንያዊ የፎቶግራፍ ባለሙያ በኮረምና በመቀሌ ያነሡት የረኃብ ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ታየ። የረኃቡም ምክንያት የዝናብ መቅረት ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱና የጊዜው መንግሥት አሠራር መከራውን አባብሰውት ነበር። ቦብ ጌልዶፍ የተባለ አየርላንዳዊ ዘፋኝ ይህን አይቶ በኅዳር 16 ቀን ብዙ ዘፋኞችን ሰብስቦ በአንድ ቀን ሸክላ አስቀረጸ። በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ጊዜ ታላቅ ትርኢት ተደረገ፤ ከ1 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው በቴሌቪዥን እንዳየው ይገመታል።

በዚያች ቀን ተበትኖ የነበረው ዘ ሁ የተባለው ባንድ ተሰበሰበ። ብላክ ሳባት በ1971 ዓ.ም. ካባረሩት ዘፋኛቸው ከኦዚ ኦዝቦርን ጋር ታርቀው ቆሙ። ሌድ ዜፔሊን ከበሮ መቺያቸው ጆን ቦናም በመስከረም 15 ቀን 1973 ዓ.ም. ስለ ሞተ ተበትነው ሳሉ፣ ሦስቱ የቀሩት በሌሎች ሁለት ከበሮ መቺዎች ታግዘው ተጫወቱ፤ አጨዋወታቸው ግን ስላላማረ ኋላ ፊልሙ ሲታተም የእነርሱ ክፍል እንዳይገባ ከለከሉ። ዴቪድ ቦዊ ስለ ረኃቡ የተነሣ ሌላ ፊልም ለሕዝብ የሚታይበት ጊዜ ይገኝ ዘንድ ከመዝሙሮቹ አንዱን ተወ። በዚያ ፊልም ላይ ከታዩት አንዷ ብርሃን ወልዱ የምትባል የሦስት ዓመት ያህል የትግራይ ሕፃን ነበረች፤ በመቀሌ ሐኪም ቤት ከሩብ ሰዓት በላይ አትቈይም የተባለች ነበረች። እርሷ ግን ዳነች፤ አድጋም ተማረች፤ በሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ሁለተኛ ትርኢት በሕዝብ ፊት በጤና ቆመች። በዚያው ቀን የፒንክ ፍሎይድ አራቱ ሰዎች ከ24 ዓመት መለያየት በኋላ አብረው ተጫወቱ፤ ከመካከላቸው ሪቻርድ ራይት በ2001 ዓ.ም. ስለ ሞተ ዳግመኛ አራቱ አልተገናኙም።

ይህ ሁሉ ሲነገር የባልንጀራዬ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ወሬው በአማርኛ ስለ ነበረ ልጅቱ በትግርኛ ደግማ ነገረቻቸው። ከዚያም ያ በኅዳር የተቀረጸው መዝሙር ርእሱ ምን እንደ ሆነ ጠየቁ። ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» የሚል ጥያቄ ነው። ልጅቱ ይህን መንገሩን ፈርታ ወደ አባቷ ተመለከተች፤ አባቷም «ንገሪያቸው» አላት።

አንባቢ ሆይ፤ እኔ ይህን ርእስ ስሰማ ተቈጥቼ ነበር። የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው ሮማዊው አውግስጢኖስ ወንጌልን ይዞ ወደ ካንተርበሪ ከመሄዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ቅዱስ ያሬድ ዜማ በደረሰበት አገር ገና መሆኑን ያውቃሉን ተብሎ መጠየቁ እንደ ምን ያለ ድፍረት ነው ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት፣ እኒያ እናት እጃቸውን አነሡ። ባልንጀራዬ ቃላቸውን እንዲህ ሲል ተረጐመልኝ።

«በዚያ ዓመት እኔ ከዚህ ከከተማው ዳር ከመጠለያው ነበርሁ። ይህ ልጄ በጀርባዬ ነበረ፤ ታላቅየው በመንገድ ቀረ። ቀኑን የሚቈጥር አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ከእኛ ጋር ስለ ነበር ታኅሣሥ 29 መሆኑን ነገረን። ሌሊቱን ተነሣን። ከበሮ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ተውሰው አምጥተው ነበር፤ ነገር ግን አንግቶ የሚመታው ጕልበት ያለው ሰው አልተገኘም። ከበሮውን መሬት ላይ አስቀምጠን በእጃችን እያጨበጨብን፣ ዝግ ብለን ዘመርን። እልል ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ ጠዋት ሞታ አገኘናት። እንግዲህ ወደይ፣ አንተ የምትጽፍ ሰው ከሆንህ፣ ዐውቀን ነበር ብለህ ጻፍ።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ እንዲህ አሉ፤ «ስንዴውም መጥቷል። ይህ ልጄ በእርሱ ነው የዳነው። እርሱንም ጻፍ፤ አንዱን ጽፈህ አንዱን አትተው።»

በዚያን ጊዜ ቍጣዬ ወደ ኀፍረት ተለወጠ። ሥራዬ የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ሳላጓድል መጻፍ ሆኖ ሳለ፣ የአንዱን ወገን ብቻ ይዤ ፍርድ ልሰጥ ነበርና። እኒያ ሙዚቀኞች አገራችንን አላወቁም፤ ጥያቄያቸውም የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነበረ። ነገር ግን የማያውቁት ሰው ስለ ተራበ ጠባቸውን ትተው መጡ። እኛስ ለምናውቀው ሰው እንዲህ አድርገናልን? ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅቱ በትምህርቷ ከዕድሜዋ ሦስት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርታለች፤ ተማሪ ስላልሆነች ሳይሆን፣ በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት በትግራይ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበረ ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ሲቆም፣ አያቲቱ በእርጅናቸው ረኃብን ሁለተኛ አይተው ነበር። ያን ጊዜ ግን እኔ በአዲስ አበባ ተቀምጬ ለባልንጀራዬ አንዲት ደብዳቤ እንኳ የማደርስበትን መንገድ አልፈለግሁም። «መንገዱ ተዘግቷል» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ እንጂ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሣን። ልጅቱ እስከ በሩ ሸኘችን። በመለያየት ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ውድድሩን ግን ማን አሸነፈ?» አለችኝ። እኔም፣ «አያትሽ» አልኋት። እኒያ እናት ግን ነገሩ አልገባቸውም፤ የተረፈውን ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልለው ለልጅቱ ጓደኞች ይሰጡ ነበር።

ከቃላሚኖ ወደ ከተማው ስንመለስ ለባልንጀራዬ የተዘጋውን መንገድ ነገር አነሣሁበትና ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «አሁንስ መጥተህ የለምን?» አለኝ፤ ሌላ አልተናገረም።

ስለዚህ፣ የተከበራችሁ አንባብያን፣ ዘመድ ወይም ባልንጀራ በሩቅ ያላችሁ ሁሉ መንገዱ ክፍት ሳለ ሂዱ፤ ሽማግሌዎቻችሁንም በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ልጆቻችሁ የባዕድ አገር ሙዚቀኞችን ታሪክ ሲማሩ ብታዩ አትከልክሏቸው፤ ከጥያቄዎቹ በአንዱ ውስጥ የአያታቸው ታሪክ ሊገኝ ይችላልና። እኔም በታዘዝሁት መሠረት የሁለቱን ወገን ቃል ሳላጓድል ጽፌያለሁ፤ ገና መሆኑን ዐውቀው ነበር፤ ስንዴውም መጥቷል።