ፉጨቱ ከየት ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ ለመኪናም ይሠራል። መኪና ግን በሽታዋን አትደብቅም፤ ትጮኻለች። ጩኸቱን ለምደን የምንተወው እኛው ነን። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት በከተማችን የሚመላለሱ አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ያለባቸውን፣ ማንም ግን እንደ ብልሽት የማይቆጥረውን ችግር ነው፤ በበርና በመስታወት ጎማ በኩል የሚሰማውን የነፋስ ድምፅ።

በአገራችን መኪና ቶሎ አይጣልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው መኪና ዕድሜዋ መርዘሙ የግድ ነው። ሞተሯ ይታደሳል፣ ቀለሟ ይቀባል፤ የበሯ ጎማ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ሠላሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

አጎቴ በኮንትራት የሚሠራባት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችው። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታዲያ ፍጥነቷ ከ70 ሲያልፍ በሾፌሩ በኩል ማፏጨት ትጀምራለች። የአጎቴ መፍትሔ ቴፑን ከፍ ማድረግ ነበር። ባለቤቱ እትዬ ደግሞ ወሬዋን ጀምራ ከከተማ ስንወጣ ታቋርጠውና «በቃ ስንወርድ እነግርሃለሁ» ትላለች። አንድ ጋራዥ የአራቱም በር ጎማ መቀየር አለበት አለው። ዋጋውን ሲሰማ «ለፉጨት ነው ይህን ሁሉ ብር?» ብሎ ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ነገሩ ወደ እኔ መጣ። «አንተ ልጅ፣ እስኪ የተማርከው ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?» አለኝ።

እኔም ወደ ፍሉይድ ሜካኒክስ ደብተሬ ተመለስኩ። ብዙዎቻችን ነፋሱ ከውጭ ወደ ውስጥ እየገባ የሚያፏጭ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። አየሩ የፊት መስታወቱን ጠርዝ ዞሮ ወደ ጎን ሲታጠፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። በጎን መስታወቱ ላይ ያለው ግፊት በመኪናው ውስጥ ካለው ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ የበሩ የላይኛው ፍሬም ወደ ውጭ ይሳባል፣ ጎማው በትንሹ ይላቀቃል፣ የውስጡ አየር በዚያች ቀዳዳ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ፉጨቱ ያ ነው።

ኃይሉ ስንት ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በእኛ ከፍታ፣ ወደ 1800 ሜትር ገደማ፣ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስንነዳ የነፋሱ ግፊት 250 ፓስካል አካባቢ ይደርሳል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 25 ኪሎ እንደ መጫን ነው። በ120 ሲሆን ከእጥፍ ይበልጣል። ድምፁ ደግሞ ከዚህም በፍጥነት ያድጋል። በገላዋ ላይ የሚፈጠረው የነፋስ ድምፅ ፍጥነቱ ከ80 ወደ 100 ከፍ ሲል ብቻ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። በከተማ ውስጥ ዝም ያለች መኪና አውራ ጎዳና ላይ የምትጮኸው ለዚህ ነው።

ንድፈ ሐሳቡ ይህ ነው፤ ግን ቀዳዳው የትኛው ነው? ለፍለጋው የገዛነው ነገር ቢኖር አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር ነው፤ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ጠመኔው ከክፍል፣ አሥር ብሩ ከኪሴ ነበር።

በመጀመሪያ ብሩን በጎማውና በበሩ መካከል አድርገን በሩን ዘጋንና ሳብነው። ጎማው ደህና ከሆነ ብሩ ይዞ ያስቸግራል፤ ካልሆነ ሸርተት ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ ጎማውን ዙሪያውን ጠመኔ ቀባንና በሩን ዘግተን ከፈትነው። ጠመኔው በሩ ላይ ከታተመ ጎማው ይነካል ማለት ነው። በሾፌሩ በር የፊት የላይኛው ጥግ፣ ከስፖኪዮው በላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ምንም አልታተመም። ሦስቱ በሮች ግን ደህና ነበሩ።

ይህንን መንገድ ላይ ማረጋገጥ ነበረብን። በማግስቱ የበሩን ክፍተቶች ሁሉ ከውጭ በፕላስተር አሽገን በጠዋት ወደ ወረታ ተነሣን። ጠዋት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲግል ነፋስ ከጣና ወደ የብስ ይነፍሳል፤ የጎን ነፋስ ደግሞ ድምፁን ያቀያይረዋል። ታንኳ ቀዛፊዎቻችን ሐይቁ ሳይናወጥ በጠዋት መሻገርን እንደሚመርጡ ሁሉ፣ ለእኛም ጸጥ ያለ አየር ያስፈልገን ነበር። የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ በአንድ ፍጥነት ለመንዳት ይመቻል። በ80 ስንሄድ ፉጨቱ የለም። እየቆምን ፕላስተሩን ቁራጭ በቁራጭ አነሣን፤ የዚያን ጥግ ስናነሣ ፉጨቱ ተመለሰ። አጎቴ ሳቀ፤ «ስንዝር ለማትሞላ ቦታ አራት በር ሙሉ ጎማ!» አለ።

ጥጉ ለምን ተከፈተ? ባትሪዋ ሲደክም አጎቴ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እጁን መሪው ላይ፣ ሌላውን የመስታወቱ ፍሬም ላይ አድርጎ ነው የሚገፋት። ሲወርድም በሩን የሚወረውረው ያንኑ ፍሬም ይዞ ነው። በዓመታት ውስጥ ብረቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ጎብጧል። ስለዚህ አዲስ ጎማ ቢገዛም ፉጨቱ ሊመለስ ይችል ነበር። ላሜራ በመሥራት ያረጁ አንድ ሽማግሌ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት በበሩና በገላው መካከል ከታች አስገብተው የፍሬሙን ጫፍ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገፉት። ትንሽ ይገፋሉ፣ በብሩ ይፈትናሉ፤ እንደገና ትንሽ። የደደረውን ጎማ ደግሞ ከሥሩ ቀጭን የስፖንጅ ጎማ አስገብተን ከፍ አደረግነው። የመስታወቱን መንሸራተቻም ከተጠራቀመው አቧራ አጸዳነው።

ድምፁ ሁሉ ጠፋ አልልም። ስፖኪዮው ዙሪያ ከመኪናዋ ቅርጽ የሚመጣ ድምፅ አለ፤ እሱን ጎማ አያድነውም። ፉጨቱ ግን ቆመ። ከሁሉ የሚበልጠው የተከተለው ነው። በሳምንቱ አጎቴ «ከፊት በቀኝ በኩል የሚያጉረመርም ነገር አለ» አለኝ። ጎማዋ ተፈትታ ስትታይ ኩሽኔታው አልቆ ነበር። መቼ እንደጀመረው ማን ያውቃል? ከነፋሱና ከቴፑ በታች ተቀብሮ ነበር። ያ ኩሽኔታ መንገድ ላይ ቢሰበር ኖሮ በመኪናዋ ውስጥ አምስት ሰው አለ። የነፋስ ድምፅ የምቾት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ የተውኩት ያን ቀን ነው። ሾፌር በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ይነዳል።

እግረ መንገዴን ሦስት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ጎማ እንዲያብለጨልጭ ብላችሁ ናፍጣ አትቀቡ። የበር ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባለው ጎማ ነው፤ ፀሐይን በደንብ ይቋቋማል፣ በነዳጅ ዘይት ግን ያብጣል፣ ይበላሻል። በውኃና በሳሙና አጥቦ ሲሊኮን መቀባት ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ከበሩ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች አትድፈኑ፤ በክረምት በመስታወቱ በኩል የሚወርደው ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው፤ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። ሦስተኛ፣ በሩን በእጀታው እንጂ በመስታወቱ ፍሬም ይዛችሁ አትዝጉ።

አሁን የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። የእነሱ ሞተር ድምፅ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ድሮ በሞተሩ ጩኸት ይሸፈን የነበረው የነፋስ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ነገ ወደ ጋራዥ ይዘውት የሚመጡት ቅሬታ ይህ ሊሆን ይችላል። ዲፓርትመንታችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች፣ በመኪና ውስጥ በቬንትሌተር ግፊት ፈጥሮ ቀዳዳውን የሚያሳይ ቀላል መፈተሻ እንዲሠሩ ቢያበረታታ መልካም ነው እላለሁ። መለዋወጫ በተወደደበት አገር ቀዳዳውን በትክክል ማግኘት ብዙ ብር ያድናል። አንዳንዴም ከብር የሚበልጥ ነገር ያድናል።