ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሐበሻ ቤት ገዛ ሲባል ቡናው ሳይቀዳ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ዋጋው አይደለም፤ ዋጋውንማ ሁሉም ስልኩ ላይ አይቶት ነው የመጣው። «ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?» ነው የሚባለው። ከ10 ስንት ማለት ነው። ግሬትስኩልስ የሚባል ድርጅት ለየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም ቤት መሸጫ ድረ ገጾች ላይ ከመኝታ ክፍሉ ብዛት ጋር ተደርድሮ ይወጣል። እኔና ባለቤቴ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሁለት ቤት ስናማርጥ በመካከላቸው ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ከመንገዱ ወዲህ ያለ ልጅ 4 ወዳገኘው ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ወዲያ ያለው 7 ወዳገኘው። የወዲያኛው ቤት ጠባብም ውድም ነበር። እሱኑ ገዛን።

ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የአንድ ካውንቲ ናቸው። ሥርዓተ ትምህርቱ አንድ፣ የመምህራኑ የደመወዝ እርከን አንድ። እንዲያውም የድሃ ልጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤት «ታይትል አንድ» በሚባለው የፌዴራል ድጎማ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ቁጥሩ በአብዛኛው ከፈተና ውጤት ነው የሚመጣው፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ በንባብና በሒሳብ ትፈትናለች። እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ያለ ልጅ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትታል። እንግዲህ ያን ሁሉ ብር የምንከፍለው እንደ እኛው ካለው አዲስ መጤ ልጅ ለመሸሽ ነው። ይህን ቡና ላይ ተናግሬው አላውቅም፤ የምናገርም አይመስለኝም።

እኔ ጎባ በተማርኩበት በ1970ዎቹ እንዲህ ያለ ቁጥር አልነበረም። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረችና 14 ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉትን የሮቤ ልጆች ዝቅ አድርገን እናይ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ነው፣ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ያለው እዚያው ነው። ያኔ ወላጅ ትምህርት ቤትን የሚመዝነው በመምህሩ ነበር። «እገሌ ይገርፋል፣ ግን ያስጨብጣል» ከተባለ አለቀ። ቀጥሎ መንገዱ ይታያል፤ ከሳነቴ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ በቀጭን ሹራብ የቀመሰ ልጅ ሃያ ደቂቃ ከአንድ ሰዓት እንዴት እንደሚለይ ያውቃል።

አሁን ግን እዚያም ቁጥር አለ። ሮቤ አካባቢ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ስንደዋወል «ደረጃ 2 ነን» አለኝ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የኢንስፔክሽን ባለሙያዎች በ26 ስታንዳርዶች ይመዝኗቸዋል፤ ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ደረጃ 1፣ 70 የደረሰ ደረጃ 3፣ 90 የሞላ ደረጃ 4 ይባላል። መስፈርቱን አሟላ የሚባለው ከ3 ጀምሮ ነው። በእኛ ጊዜ በአማርኛ የነበረው ትምህርት ዛሬ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወንድሜ የሚያወራው ሌላው ነገር ግን አብዛኛው እኔም የማውቀው ነው። ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ይጨናነቃል፣ ግን መምህር አያጣም። ስንዴው መሀል ያለው ክፍሉ ሰፊ ነው፤ መምህሩ ግን ዝውውር ደርሶት ሮቤ እስኪገባ ቀን ይቆጥራል። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፣ «ገና» እና «ቦና» በሚባሉት ወቅቶች፤ ስለዚህ ልጅ ከክፍል የሚጠፋበት ወቅትም ሁለት ነው። አጨዳውን ኮምባይነር ቢወስደውም ከብቱና አረሙ ልጁን አለቀቁትም።

«ታዲያ ደረጃ 2 ከሆነ ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለምን አያወጡም?» አልኩት። ከቨርጂኒያ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ሳቀብኝ። ውጤቱ ሲነገር ወላጅ ይሰበሰባል፤ የጎደለው ይነበባል፤ ከዚያ መዋጮ ይወሰናል። ብር ያለው ብር፣ የሌለው ድንጋይና አሸዋ ወይም ጉልበት። እዚህ ቁጥሩ ሲዘቅጥ ሰው ቤት ይቀይራል፤ እዚያ ዕዳ ሆኖ ደጁ ድረስ ይመጣል።

ይህን ያልኩት አገር ቤትን ለማሞገስ አይደለም። መዋጮው «በፈቃደኝነት» ነው ሲባል ገጠር ያደገ ሰው ፈገግ ይላል። ሮቤም ቢሆን አቅም ያለው ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስገባል፤ ያም ያው የእኛው ሽሽት ነው። በመዋጮ በተሠራው ክፍል ውስጥ ልጁ ምን ያህል ይማራል የሚለውም አለ፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን በአገር ደረጃ ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ድንጋይ የተሸከመ አባት ይህን ሲሰማ ምን ይሰማዋል?

ስልኩን ልንዘጋ ስንል ወንድሜ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የእናንተስ ስንት ነው?»

«ሰባት፤ ከአሥር።»

«አሥር እንዲሞላ ምን አዋጣችሁ?»

በመስከረም ከወላጆች ማኅበር ፎርም መጥቶ ነበር። ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እስካሁን አልሞላሁትም።