የአሮጌ ሞተር ሳይክል መሪ

የአሮጌ ሞተር ሳይክል መሪ፣ ማለትም ነጂው በሁለት እጁ ይዞ የፊቱን ጎማ የሚያዞርበት የብረት ቱቦ፣ ሲለወጥ ዋነኛው መመዘኛ የብረቱ ማማር ሳይሆን መንገዱና የነጂው ቁመና ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አካባቢ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ደጋውና ቆላው በዳገትና በቁልቁለት ስለሚገናኙ፣ ሰፋና ከፍ ያለ መሪ ነጂው ብድግ ብሎ እንዲነዳና በጠጠር ላይ የሚንሸራተተውን ጎማ እንዲገታ ሲያግዘው፣ ዝቅ ብሎ የጠበበው ግን ለአስፋልት የተመቸ ቢሆንም ቁልቁለት ላይ የሰውነትን ክብደት በእጅ አንጓ ላይ ይጥላል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያሉ ለእርሻ ሥራ የተሠሩ ሞተሮች ሰፊ መሪ መያዛቸውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

የአብዛኞቹ መደበኛ መሪዎች መጨበጫ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ስላለው የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎች ከአሮጌው ተፈትተው በአዲሱ ላይ ይገጥማሉ፤ ጣጣው የሚመጣው ከገመዶቹ ነው። መሪው ከፍ ብሎ ገመዱ ካጠረ፣ ጎማው ሲታጠፍ ገመዱ ስለሚወጠር፣ ነዳጅ መስጫውን ማንም ሳይነካው ሞተሩ ያጓራል፤ ስለዚህ ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ፣ ሞተሩ ተነስቶ ባለበት ቆሞ ሳለ፣ መሪው ከዳር እስከ ዳር እየዞረ የድምፁ አለመለወጥና የነዳጅ ጋኑ አለመነካት ይፈተሻል። መሪውን አሳምሮ ገመዱን ያልለካ ባለንብረት፣ በገበያ ቀን የተደነቀለት ሞተር በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ የራሱን ፈቃድ ቢከተል ሊገርመው አይገባም።