የዘር እህሉን የበላ ቡድን

ቤዝቦልን የለመድኩት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ዋሺንግተን ውስጥ ታክሲ ለሚነዳ ሰው ሬዲዮ ጓደኛው ነው፤ አንድ ቡድን ደግሞ በዓመት 162 ጨዋታ ስለሚያደርግ ወሬው አይነጥፍም። አገር ቤት ሳለን ኳስ ሲባል እግር ኳስ ብቻ ይመስለን የነበርን ብዙዎች ነን። ይኸኛው ቀስ ብሎ ይገባል፤ አንዴ ከገባ ግን አይወጣም።

የከተማችን ናሽናልስ ከሞንትሪያል ተዛውሮ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ሁሉም «አበቃለት» ሲለው፣ ተነሥቶ ሂዩስተን አስትሮስን በ7ኛው ጨዋታ 6 ለ 2 ረታና የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ ወሰደ። ውድ አንባቢ፣ የዚያን ሌሊት ደስታዬን ልግለጸው ብል ገጹ አይበቃኝም።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ገና ዓመቱ ሳይወጣ ጎበዙ መቺ አንቶኒ ሬንዶን ለ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ወደ ኤንጅልስ ሄደ። ቡድናችን በዚያው ሰሞን ያንኑ ያህል ገንዘብ ለዚያው ያህል ዓመት ለኳስ ወርዋሪው ለስቲቨን ስትራስበርግ ሰጠ። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ በጉዳት ምክንያት የተጫወተው 8 ጊዜ ብቻ ነው። በጉዳት ማንም አይወቀስም፤ ሬንዶንም ቢሆን በሄደበት ብዙውን ጊዜ በሕመም ከሜዳ ርቋል። በ2021 ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር አንድ ላይ ለዶጀርስ ተሰጡ። በ2022 ደግሞ ሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም በማለቱ ወደ ሳንዲያጎ ተላከ። በዚያ ዓመት ቡድኑ 107 ጊዜ ተሸነፈ።

ያኔ የ10 ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ሶቶ ለምን ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የገንዘብ ነገር ነው» አልኩት። «እሺ፣ ታዲያ ለምን ሌላ ሰው አላዘጋጁም?» አለኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከሬዲዮ ተንታኞቹም አልሰማሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቡድን በዋናው ዝርዝሩ 40 ተጫዋቾች ይይዛል፤ ለጨዋታ የሚሰለፉት 26ቱ ናቸው። ከእነርሱ በታች በትናንሽ ሊጎች የሚያድጉ ወጣቶች አሉ። እነዚህ የቡድኑ የዘር እህል ናቸው። ናሽናልስ በ2016 መጨረሻ ሦስት ወጣት ወርዋሪዎችን ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጥቶ አዳም ኢተንን ወሰደ። ኢተን ለዋንጫው ድርሻ ነበረው፤ አልክድም። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ ሉካስ ጂዮሊቶ በ2020 ለቺካጎ ሲወረውር አንድ ቡድን በሙሉ ጨዋታ አንድም ምት እንዳያገኝ አድርጓል። ለዛሬ ድግስ ከዘሩ መቆንጠር ያለ ነው፤ ጎተራውን መልሶ አለመሙላት ግን የገበሬው ጥፋት ነው።

ለሶቶ ምትክ ከመጡት ወጣቶች መካከል ጄምስ ዉድና ማኬንዚ ጎር በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ መመረጣቸው እውነት ነው። ሆኖም ሦስት ዓመት ሙሉ በዙሪያቸው ብርቱ ቡድን ሳይቆም ቀረ፤ በዚያው በ2025 ሽንፈቱ 96 ደረሰ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የተጫዋቾቹ ኃላፊና አሰልጣኙ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። ብዙ ደጋፊ ጮቤ ረገጠ። እኔ አልጨፈርኩም፤ ዋንጫውን ያመጡልንም እነርሱ ነበሩና።

ሽንፈት አያስቀይመኝም። ስደተኛ ሰው ከባዶ መጀመርን ያውቃል። ደጋፊ ግን ትዕግሥት ሲጠየቅ፣ በምላሹ የሚበቅል ነገር ማየት አለበት። ልጄ አሁን የዉድን ስም የጻፈበት ሸሚዝ ይለብሳል። ለአዲሶቹ ሹማምንት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህኛውን ዘር አትፍጩብን።