የጥይት ውፍረትና የተኳሽ እጅ

በወጣትነቴ ዘመን ትልቅ አውሬ የሚወድቀው በጥይት ውፍረት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከአጎቴ ጋራ በኦሞ ወንዝ አጠገብ ጎሽ ለማደን ወጣን። በተዋስሁት 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ቸኩዬ ተኮስሁ፤ አረሩም ሆዱን መታው። ጎሹ ግን አልወደቀም፤ ወደ ጥሻው ገባ። የቆሰለ ጎሽ አድፍጦ አዳኙን ይጠብቃልና ደሙን ተከትለን እስኪመሽ ድረስ በፍርሃት ፈለግነው። ድንገት ወጥቶ ሲመጣብን አጎቴ ሳይደነግጡ በ8 ሚሊሜትር ማውዘራቸው አንጎሉን መትተው ጣሉት። «ልጄ፣ ጥይት የሚገድለው በገባበት ስፍራ ነው» አሉኝ።

ኋላም ስለ ስኮትላንዳዊው አዳኝ ስለ ዎልተር ቤል አነበብሁ። ይህ ሰው ከ1,000 በላይ ዝሆኖች ገድሏል፤ አብዛኞቹንም የጣለው በ7 ሚሊሜትር ጥይት ነው። አንጎሉ ያለበትን ስፍራ ለማወቅ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ከፍሎ አጥንቷል።

ይህም ሲባል ውፍረት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከባድ ጥይት አጥንት ይሰብራል፣ ሰፊ ቁስልም ያደርጋል፤ ስለዚህ አንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለዝሆን አደን ከ9.5 ሚሊሜትር ያላነሰ ጥይት በሕግ ያዛሉ። ነገር ግን ውፍረት የእጅን ስሕተት አያርምም። ያ ጎሽ የእኔን ችኰላ በሆዱ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ተሠቃየ፤ እስከ ዛሬም የሚቈጨኝ ይኸው ነው።